«የብርሃን ዳሳሽ» ወይስ «በብርሃን የሚሠራ ዳሳሽ»?

«የውሃ ወፍጮ» ስንል ውሃው ወፍጮውን የሚያንቀሳቅስ ኃይል ነው፤ «የእህል ወፍጮ» ስንል ግን እህሉ የሚፈጨው ነገር ነው። «የ» የተባለው ምዕላድ ማድረጊያውንም ተደራጊውንም በአንድ መልክ ስለሚያገናዝብ፣ ልዩነቱን የምንለየው በልማድ ነው። ለአዲስ መሣሪያ ልማድ የለውምና ስያሜው ራሱ ግልጽ መሆን ይኖርበታል። የስኳር ሕሙማን የሚጠቀሙበት፣ በብርሃን አማካይነት የሚሠራው የግሉኮስ መከታተያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ከስያሜው በፊት አሠራሩን መረዳት ያሻል። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የፈቀደው ኤቨርሴንስ የተባለ መሣሪያ በላይኛው ክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበር ትንሽ ዘንግ አለው። ዘንጉ ግሉኮስን የሚይዝና መልሶ የሚለቅ ኬሚካል ተለብጦበታል። ከውስጥ ብርሃን ሲፈነጠቅበት ኬሚካሉ ይፈካል፤ ግሉኮሱ ሲበዛ ፍካቱ ይጨምራል። በቆዳው ላይ የሚለጠፈው አስተላላፊ ልኬቱን በየ5 ደቂቃው ወደ ስልክ ይልካል።

ከዚህ አሠራር በመነሣት ሦስት ነጥቦችን እንመልከት።

ሀ/ «የብርሃን ዳሳሽ» ቢባል ብርሃንን የሚዳስስ ማለት ይሆናል። በእርግጥም በዘንጉ ውስጥ ፍካቱን የሚያነበው ክፍል በዚህ ስም ሊጠራ ይገባዋል። መላው መሣሪያ ግን የሚዳስሰው ግሉኮስን ነው፤ ብርሃን መንገዱ ነው። ስለዚህ «በብርሃን የሚሠራ የግሉኮስ ዳሳሽ» ማለት ይሻላል።

ለ/ «የማያቋርጥ ክትትል» ከሚለው ይልቅ «ተከታታይ ክትትል» ይመረጣል። ልኬቱ በየ5 ደቂቃው እየተደጋገመ የሚመጣ እንጂ እንደ ወራጅ ውሃ የሚፈስ አይደለምና።

ሐ/ ከሁሉ የሚከብደው «የደም ስኳር ዳሳሽ» የሚለው ነው። በአነጋገራችን «ስኳር አለበት» ሲባል ስኳር የበሽታው ስም ስለሆነ፣ ለሚለካው ነገር «ግሉኮስ» የሚለውን መያዝ ይበጃል። «ደም» የሚለው ቃል ደግሞ ስሕተት ነው፤ ዘንጉ የሚለካው በሕዋሳት መካከል ባለው ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ግሉኮስ ነው። በደም ውስጥ ያለው ግሉኮስ በፍጥነት ሲያሽቆለቁል የፈሳሹ ልኬት በደቂቃዎች ወደ ኋላ ይቀራል። «የደም» የሚለውን ቃል ያመነ ሕመምተኛ፣ ላብ እያጠመቀው፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ቁጥሩ ደኅና ነው ብሎ ሊዘናጋ ይችላል። ትክክለኛው ስያሜ ግን የጣቱን ደም በመለኪያ እንዲያረጋግጥ ያስታውሰዋል።

እንግዲህ ለተርጓሚዎች የሚቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ በመመሪያው መጀመሪያ ላይ «በብርሃን የሚሠራ ተከታታይ የግሉኮስ መከታተያ» ተብሎ በሙሉ ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ «መከታተያ» ብሎ ማሳጠር ይቻላል። የሚለካው ፈሳሽም «የሕዋሳት መካከል ፈሳሽ» ይባል። ስያሜው ረዘመ የሚል ቢኖር፣ አጭሩ ስም ሊያስከትል የሚችለውን ጉዳት አብሮ ያመዛዝን።