የሞተችው ላም ምስክር

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2013 መጀመሪያ፣ በምዕራብ ደቡብ ዳኮታ ከብቶቹ ገና ከበጋው ግጦሽ አልተመለሱም፤ የብርዱ ወቅት ጸጉራቸውም አልወጣላቸውም። መጀመሪያ ዝናቡ እስከ ቆዳቸው አራሳቸው፤ ከዚያ ከባድ በረዶና ነፋስ ተከተለ። ከብት በነፋስ ሲመታ ጀርባውን ሰጥቶ ይነጉዳል፤ አጥሩ በበረዶ ከተዋጠ ደግሞ በላዩ ተሻግሮ ብዙ ኪሎ ሜትር ይርቃል። አትላስ የተባለው ማዕበል ሲያባራ ከ10 ሺህ የሚበልጡ ከብቶች በየሸለቆውና በየአጥሩ ሥር ሞተው ተገኙ።

እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ አርቢው የሚሮጥበት ቤት አለ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በገጠር ካውንቲዎች (ወረዳ ብንላቸው ብዙም አንሳሳትም) ቢሮ አለው። የካሳ ማመልከቻውን የሚያየው ኮሚቴ ከ3 እስከ 11 አባላት ሲኖሩት፣ የሚመርጧቸውም የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው። ስለዚህ 40 ላም ሞተብኝ የሚል ሰው የሚቀርበው፣ ስንት ላም እንደነበረው በሚያውቅ ጎረቤቱ ፊት ነው። የአሠራሩ ብልሃት ለእኔ ከገንዘቡ ይልቅ እዚህ ላይ ነው፤ በሽማግሌ ዳኝነት ያደገ ሰው ነገሩ አይጠፋውም።

በዚያ ሳምንት ግን ቢሮው ዝግ ነበር። በዋሽንግተን በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ተዘግተዋል፤ ሥራ የጀመሩት በ17 ነው። ይባስ ብሎ ለሞተ ከብት የሚከፍለው ፕሮግራም የሕግ ዘመኑ ካለቀ 2 ዓመት አልፎታል። ለአርቢዎቹ የተሰጣቸው ምክር አንድ ነበር፦ ከመቅበራችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ የጆሮውን ቁጥር መዝግቡ፣ ከእናንተ ጋር ጥቅም የማይጋራ ሰው አስመስክሩ። መንጋው ከጎረቤት መንጋ ተቀላቅሎ ስለወደቀ፣ የማን እንደሆነ የሚለየው ብዙ ጊዜ ቆዳው ላይ የተተኮሰው ምልክት ብቻ ነበር። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ካሜራና ደብተር ይዞ ከሬሳ ሬሳ ሲዞር አስቡት።

ባራክ ኦባማ አዲሱን የእርሻ ሕግ የፈረሙት ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2014 ነው፤ ማዕበሉ ካለፈ ከ4 ወር በኋላ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ያሰኛል። ሆኖም ሕጉ ወደ ኋላ ተመልሶ ከኦክቶበር 1 ቀን 2011 ጀምሮ የደረሰውን ጥፋት ስለሚሸፍን፣ ያ ሁሉ ፎቶና ደብተር ከመሳቢያ ወጣ። ክፍያው የገበያ ዋጋው 75 በመቶ ነው፤ በደህናው ዓመትም ቢሆን መሞታቸው የማይቀረው ተቀንሶ። በዚያ አገር ላሞች በብዛት የሚወልዱት በጸደይ ስለሆነ በኦክቶበር የሞቱት አብዛኞቹ የከበዱ ነበሩ። በሆዳቸው ለነበረው ጥጃ ግን ያኔ የሚከፈል አልነበረም።

ለድርቅ ሌላ ፕሮግራም አለ፤ እሱ የሞተ ከብት አይጠይቅም፣ የመኖን ወጪ 60 በመቶ ነው የሚደጉመው። ምስክሩም ጎረቤት ሳይሆን ከ1999 ጀምሮ በየሳምንቱ ሐሙስ የሚወጣ የድርቅ ካርታ ነው። ድርቁ በካርታው ላይ በቂ ሳምንታት ከቆየና የካውንቲውን አንዲት ጥግ ብቻ እንኳ ከነካ፣ መላው ካውንቲ ይታሰብለታል። ከድንበሩ ማዶ ያለው አርቢ ያንኑ የደረቀ ሣር እያየ የሚቀጥለውን ሐሙስ ይጠብቃል።