ደብዳቤው የት ደረሰ?

«አባባ፣ ቁጥሩን ይዘዋል?»

ይህን ጥያቄ በቀን ስንት ጊዜ እንደምጠይቅ ቆጥሬው አላውቅም። ትምህርቴን እንደጨረስኩ የተቀጠርኩት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነበር፤ የሥራ መደቡ «የሪከርድና ማህደር ሠራተኛ» ይባላል። ከመስኮቱ ማዶ የሚቆመው ባለጉዳይ ዘወትር አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ደብዳቤዬ የት ደረሰ? ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ የመጣ ሰው ወዲያው መልስ ያገኛል። ያልያዘ ሰው ግን ያስገባበትን ቀን እንዲያስታውስ ይለመናል። «ከጥምቀት በኋላ ነው» ይላል፤ እኔም የጥርን ገጾች አንድ በአንድ አገላብጣለሁ።

ስለ ድርጅት ተግባቦት በየሥልጠናው ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚወሳው አነጋገር ነው፤ እንዴት እንደሚደመጥ፣ ስብሰባ እንዴት እንደሚመራ። እነዚህ ጠቃሚ ናቸው። እኔ ግን ተግባቦትን የተማርኩት ከመዝገብ ነው። መልእክት በመሥሪያ ቤት ውስጥ በዓይን የሚታይ መንገድ አለው፤ መግቢያ በር፣ መወጣጫ ደረጃ፣ መቆሚያ፣ መውጫ በር አለው። የት እንደቆመ ማወቅ የሚቻለውም በየደረሰበት የጻፈው ሰው ሲኖር ነው። ስለዚህ በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ውስጥና ውጭ የሚገናኙበትን ይህን ክፍል፣ መዝገብ ቤትን፣ ላስተዋውቃችሁ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ትልልቅ መዝገቦች አሉ። አንዱ «ገቢ»፣ ሌላው «ወጪ» ይላል። ደብዳቤ ሲመጣ ፖስታው ተከፍቶ መጀመሪያ የሚታየው አባሪው ነው። «አባሪ 4 ገጽ» የሚል ከሆነ አራቱ ይቆጠራሉ። የጎደለ ገጽ እዚያው አምጪው ፊት ካልተነገረ፣ ከሳምንት በኋላ ማን እንደጣለው ማንም አያውቅም። ከዚያ ገቢ የሚለው ማኅተም ያርፍበታል፤ ቀንና ቁጥር ይጻፍበታል። በመዝገቡም ላይ ዓምዶቹ ይሞላሉ፦ የገባበት ቀን፣ የደብዳቤው ቁጥር፣ ከየት እንደመጣ፣ ጉዳዩ፣ የተመራለት ክፍል፣ የተረካቢው ፊርማ፣ በመጨረሻም «ምርመራ» የሚል ጠባብ ዓምድ። መልስ የተሰጠበት ቁጥር የሚሰፍረው በዚያች ጠባብ ዓምድ ነው። ሥራውን ያስተማሩኝ፣ ሁላችንም እትዬ እያልን የምንጠራቸው ሴት፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ጣታቸውን በዚያች ዓምድ ላይ አድርገው «ልጄ፣ የመሥሪያ ቤቱን ጠባይ ማየት ከፈለግህ እዚህ እይ» አሉኝ።

የደብዳቤ ቁጥር ለባለጉዳዩ የቁጥርና የእዝባር ዝብርቅ ይመስለዋል። ለሚያነበው ሰው ግን ብዙ ይነግረዋል። ፊደሎቹ የመሥሪያ ቤቱ ወይም የክፍሉ ምህጻረ ቃል ናቸው፤ ቀጥሎ ያለው አኃዝ ደብዳቤው የሚቀመጥበት ፋይል ነው፤ ሦስተኛው ተከታታይ ቁጥር፣ የመጨረሻው ዓመተ ምሕረት። ቁጥሩን የያዘ ሰው የትኛው መደርደሪያ፣ የትኛው ቦክስ ፋይል፣ ስንተኛው ወረቀት እንደሆነ ይዟል ማለት ነው።

ከዚያ ወረቀቱ በአቃፊ ሆኖ ወደ ኃላፊው ጸሐፊ ይሄዳል። ኃላፊው አንብቦ በኅዳጉ ላይ በእጁ ይጽፍበታል፤ ይህ «መምራት» ይባላል። የውስጥ ግንኙነት ዋና ቋንቋ ይህች የኅዳግ ጽሑፍ ናት ብል ማጋነን አይሆንም። «ለሰው ኃይል፦ ከመመሪያው ጋር አገናዝባችሁ እስከ ዓርብ አስተያየት አቅርቡ» የሚል ኃላፊ ነበር፤ የእርሱ ደብዳቤዎች አይጠፉም ነበር። «ያነጋግሩኝ» የሚልም አለ፤ እርሱም ቢያንስ ሰው ከሰው ያገናኛል። የሚያስፈራኝ «ይታይ» የምትለው ቃል ናት። ማን ይየው? መቼ? አይቶስ ምን ያድርግ? በእኔ ልምድ በ«ይታይ» የተመራ ደብዳቤ ከሌላው ይልቅ ለረጅም ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ይተኛል። ትእዛዙ ስላልተሰጠ እንጂ ሠራተኛው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም።

የተመራለት ባለሙያ ማህደሩን ያስወጣል፤ የቀደሙትን ደብዳቤዎች አይቶ መልስ ያረቅቃል። ረቂቁ ለቅርብ ኃላፊው ይቀርባል፤ ተስተካክሎ ይጻፋል፤ ወደ ላይ ወጥቶ ይፈረማል። ከፊርማው ሥር ቲተር፣ ከጎኑ ክብ ማኅተም ያርፋል። ቁጥርና ቀን ሳይሰጠው ከቤት የሚወጣ ደብዳቤ የለም፤ ከወጣም እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ከግርጌው «ግልባጭ» የሚል ዝርዝር ይከተላል፤ ቃሉ ከመገልበጥ የመጣ ነው፣ ጽሕፈትን ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው መቅዳት። በታይፕና በካርቦን ዘመን በእርግጥም አንዱ ከሌላው ሥር ሆኖ ይገለበጥ ነበር። ከዝርዝሩ መካከል «ለመዝገብ ቤት» የሚል መስመር አይጠፋም። ያ መስመር የመሥሪያ ቤቱ ትውስታ ነው። ነገ ኃላፊው ቢቀየር፣ ባለሙያው ቢለቅ፣ ምን እንደተባለ የሚያስታውሰው እርሱ ብቻ ነው።

ማኅተም በአገራችን ያለው ክብር ድንገት የመጣ አይደለም። የነገሥታቱ ደብዳቤ ማኅተሙን ከራስጌው ይሸከም ነበር፤ አንባቢው ቃሉን ከማየቱ በፊት የማን ቃል እንደሆነ ያያል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ከመሥሪያ ቤቶቹ አንዱ የጽሕፈት ሚኒስቴር ነበር፤ የተሾሙበትም ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ነበሩ። የንጉሡን ቃል መጻፍና ማኅተሙን መጠበቅ ራሱን የቻለ ትልቅ ሹመት ነበር ማለት ነው። ለሕዝቡ የሚነገረው ደግሞ በነጋሪት ይታወጅ ነበር። በ1934 ዓ.ም. የሕግ ማውጫው ጋዜጣ ሲመሠረት «ነጋሪት» ተብሎ የተሰየመው በዚያው በከበሮው ስም ነው። የዛሬው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ደመወዝም ወንበርም ዝቅተኛ ነው። የሚይዘው ሥራ ግን በዚያ ዘመን ከንጉሡ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ሥራ እንደነበር ባወቅሁ ጊዜ መዝገቤን በሌላ ዓይን አየሁት።

እንግዲህ የውስጡ መንገድ ዋና ችግር መሰላልነቱ ነው። ይህን ቀድሞ በግልጽ የጻፈው ፈረንሳዊው የማዕድን መሐንዲስ ሄንሪ ፋዮል ነው። ከ1888 እስከ 1918 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንድ ትልቅ የማዕድንና የብረት ኩባንያ መርቷል፤ አስተዳደርን የተመለከተውን ሥራውን ያሳተመው በ1916 ነው። ምሳሌው ቀላል ነው። ሁለት መሰላሎች ከላይ ጫፋቸው ላይ ተገናኝተው እንደቆሙ አስቡ። በአንዱ መሰላል ከጫፉ አምስት እርከን ወርዶ ያለ ሠራተኛ በሌላው መሰላል ትይዩ ያለውን ባልደረባውን አንድ ነገር ሊጠይቅ ይፈልጋል። በደንቡ መሠረት ጥያቄው አምስት እርከን ይወጣል፣ አምስት እርከን ይወርዳል። መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ሃያ እርምጃ ማለት ነው፤ ሰዎቹ ግን ምናልባት አንድ ፎቅ ላይ ነው የሚሠሩት። የፋዮል መፍትሔ በሁለቱ መካከል ድልድይ መጣል ነበር፤ የሁለቱም አለቆች ፈቅደው፣ የተስማሙበትን ደግሞ ወዲያው እየሰሙ።

እኛ ዘንድ ያንን ድልድይ ለመሆን የሚሞክረው ግልባጭ ነው። ዋናው ደብዳቤ በመሰላሉ ሲወጣና ሲወርድ ግልባጩ በቀጥታ ወደ ጎን ይሻገራል፤ የፋይናንስ ክፍሉ ውሳኔው ሳይደርሰው በጀቱን ማዘጋጀት ይጀምራል። በጥሩ እጅ ሲሆን ግሩም ነገር ነው። ነገር ግን ግልባጭ ሲበዛ ይረክሳል። ለአሥር ክፍል «እንዲያውቁት» ተብሎ የተላከ ወረቀት ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይሠራበትም። ለግልባጭ የሚጻፈው ሰው በደብዳቤው ምክንያት የሚያደርገው ነገር ሊኖረው ይገባል ባይ ነኝ።

ከላይ ወደ ታች የሚወርደው መልእክት እምብዛም አይቸገርም። ሰርኩላር ይበተናል፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ አሁን አሁን በቴሌግራም ግሩፕ በደቂቃ ውስጥ ይደርሳል። የሚከብደው ወደ ላይ የሚወጣው ነው። የዘበኛው፣ የሾፌሩ፣ የመስኮት ሠራተኛው እውቀት ወደ ኃላፊው ጠረጴዛ የሚደርስበት ቁጥር ያለው መንገድ የለም። እኔ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ የትኛው ቅጽ ባለጉዳይን እንደሚያመላልስ በደንብ አውቄ ነበር፤ በየቀኑ ሦስት አራት ሰው በዚያው ምክንያት ይመለስ ስለነበር። የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም፤ እኔም ጽፌ አላቀረብኩም። ይህ አሁንም ይቆጨኛል። የአስተያየት መስጫ ሳጥን በግድግዳው ላይ ነበር፤ ቁልፉ የት እንዳለ ግን ማናችንም አናውቅም።

መደበኛው መንገድ ሲዘጋ ወሬ የራሱን መንገድ ይከፍታል። ዝውውር ሊኖር ነው የሚል ነገር ከሰርኩላሩ ሁለት ሳምንት ቀድሞ በቡና ሰዓት ይሰማል። ብዙ ኃላፊዎች ይህን በቁጣ ሊያስቆሙት ሲሞክሩ አይቻለሁ፤ አልቆመም። እትዬ የሚሉት ነገር ነበር፦ ሰው የሚያንሾካሹከው ሳይነገረው ሲቀር ነው። በእርግጥም የዝውውሩ መስፈርት በሰሌዳ ላይ በወጣ ማግሥት ሹክሹክታው ጠፋ፤ ቡናው ላይ የሚወራው ወደ ልጆች ትምህርት ቤት ዞረ።

ወደ ውጭ የሚወጣው ድምፅ ሁለት መውጫ አለው። አንዱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ነው፤ መግለጫ የሚሰጠው፣ ጋዜጠኛ የሚያነጋግረው። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ይህንን ከማስተዋወቅ ሥራ አሳልፎ ግዴታ አድርጎታል፤ ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ ሊጠይቅ ይችላል፣ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊውም ጥያቄው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። የአፈጻጸሙ ክትትል በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ለተቋቋመው ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተሰጥቷል። ይህን መብት ባለጉዳዩ ቢያውቀው ከመስኮታችን ፊት አንገቱን ደፍቶ ባልቆመ ነበር። ሁለተኛው መውጫ ያው መስኮት ነው። መሥሪያ ቤቱ በቴሌቪዥን የተናገረውን ሰው ሊረሳው ይችላል፤ መዝገብ ቤት «ነገ ይመለሱ» የተባለበትን ቀን ግን አይረሳም።

ይህን ከማዶ ሆኜም ቀምሼዋለሁ። አባቴ ባረፈ ጊዜ እናቴ ከአንድ መሥሪያ ቤት የአገልግሎት ማስረጃ ትፈልግ ነበር። ማመልከቻችን ገባ፣ ቁጥር ተሰጠው፣ ተመራ። የተመራለት ባለሙያ ፈቃድ ላይ ነበር፤ ወረቀቱ መሳቢያው ውስጥ ሲጠብቀው ወር አለፈ። በኋላ መልሱ ተጻፈ፣ ተፈረመ፣ ማኅተምም አረፈበት። እናቴ ግን በየሳምንቱ «አልደረሰም» እየተባለች ትመለስ ነበር። አንድ ቀን አብሬያት ሄጄ የወጪ መዝገቡን እንዲያዩልኝ ለመንኩ። ደብዳቤው ከ23 ቀን በፊት ወጪ ሆኖ ተመዝግቧል። ወረቀቱ ራሱ ከመስኮቱ ሁለት እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ ለተላላኪ የሚቀመጥበት ሣጥን ውስጥ ነበር፤ የተረካቢ ፊርማው ቦታ ባዶ ነው። እናቴን ስትመልሳት የነበረችው ሠራተኛ አልዋሸቻትም፤ ገቢውን ብቻ ነበር የምታየው። ሁለቱ መዝገቦች በሁለት ሰው እጅ ነበሩ፣ ሁለቱ ሰዎች አይነጋገሩም ነበር። ያን ሁሉ መሰላል ወጥቶ ወርዶ የመጣ መልስ የመጨረሻዋን ክንድ መሻገር አቃተው።

አሁን ብዙ መሥሪያ ቤቶች ወረቀቱን ስካን እያደረጉ በኮምፒውተር ይመራሉ። ደስ ይለኛል፤ የትኛው ጠረጴዛ ላይ ስንት ቀን እንደቆየ ማሽኑ ራሱ ይቆጥራል። ቢሆንም በቴሌግራም ብቻ የተላለፈ ትእዛዝ ያሳስበኛል፤ ስልኩ ሲቀየር ትእዛዙም አብሮ ይሄዳል፣ ሠራተኛው በምን መሠረት እንደፈጸመ ሲጠየቅ የሚያሳየው ቁጥር የለውም። በፍጥነት መናገር ካስፈለገ ይነገር፤ ውሳኔው ግን ቁጥር ይዞ ማህደር ውስጥ ይግባ።

እትዬ ዓርብ ከሥራ መውጫ ትንሽ ቀደም ብለው የሚሠሩት አንድ ሥራ ነበራቸው፤ በሥራ ዝርዝራቸው ላይ ያልተጻፈ። የገቢ መዝገቡን ከፍተው በምርመራዋ ዓምድ በኩል ከላይ ወደ ታች በማስመሪያ ይወርዳሉ። መልስ ያልተሞላበት መስመር ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ ቁጥሩን በትንሽ ወረቀት ይጽፋሉ። ከዚያ መነጽራቸውን በደረታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ወረቀቷን ይዘው ደረጃውን ይወጣሉ፤ በየክፍሉ በር ላይም ቆመው «ልጆቼ፣ ይቺ የእናንተ ናት፤ ሰኞ ሰውየው ይመጣል፣ ምን ልበለው?» ይላሉ።