እንፋሎቱ አለ፤ ቁማሩ ጉድጓዱ ላይ ነው

ከዝዋይ ወደ ሻሸመኔ ስትወርዱ፣ ላንጋኖ ከመድረሳችሁ በፊት በስተግራ የሚታየው ተራራ አሉቶ ይባላል። እሳተ ገሞራ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1998 በከርሰ ምድር እንፋሎት ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ባለ 7.3 ሜጋ ዋት የሙከራ ጣቢያ የተከለችው እዚያ ላይ ነው። በላንጋኖ ሽርሽር ስንቱ ሰው በሥሩ አልፎ ይሆን?

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ምድር ወደ ውስጥ በተወረደ ቁጥር ትሞቃለች፤ በአብዛኛው ቦታ በአንድ ኪሎ ሜትር ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ገደማ ትጨምራለች። ስምጥ ሸለቆ ላይ ግን ቅርፊቱ ሳስቷል፣ ቅልጥ አለቱም ቀርቧል። በስንጥቅ የሰረገ ውሃ እዚያ ይግላል። ከላይ የተጫነው ግፊት ስለማያፈናፍነው ግን 300 ዲግሪ ደርሶም አይፈላም። ጉድጓድ ሲያገኝ እንደተከፈተ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ይገነፍላል፤ እየወጣ ግፊቱ ሲቀልለት ከፊሉ እንፋሎት ይሆንና ተርባይን ያዞራል። የተረፈው ውሃ በሌላ ጉድጓድ ወደ ከርሰ ምድር መመለስ አለበት። አለበለዚያ የታችኛው ግፊት ይዳከማል፤ ውሃው ያዘለው ማዕድንም ሜዳና ሐይቅ ይበክላል።

ታዲያ ሙቀቱ ከእግራችን ሥር ካለ ምን ያዘን? እኔ የምለው ጉድጓዱ ነው። ቆፍረህ ካላየህ አታውቅም፤ አንዱን ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈር ደግሞ በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ገንዘብ ይበላል። አሉቶን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1985 ስምንት ጉድጓዶች ተቆፈሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከተራራው ራቅ ብለው ነበርና ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ተወርዶም 100 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ተገኘ፤ ለጣቢያ የሚሆን አልነበረም። ሦስተኛው ተራራው ላይ ሲቆፈር ከ300 ዲግሪ በላይ ሆነ። በሁለቱ ተስፋ ቆርጠው ቢሄዱ ኖሮ አሉቶ ዛሬም ተራራ ብቻ ነበር።

ኬንያዎችም እንዲሁ ነው የጀመሩት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኦልካሪያ በተባለ ቦታ ላይ የቆፈሯቸው ሁለት ጉድጓዶች ፍሬ አልሰጡም። ተመልሰው ቆፍረው እ.ኤ.አ. በ1981 የመጀመሪያውን 15 ሜጋ ዋት አገኙ። ከሁሉ የሚበልጠው ብልሃታቸው ግን፣ በእኔ እይታ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የሠሩት ነው፤ የቁፋሮውን ኪሳራ የሚሸከም የመንግሥት ኩባንያ አቋቋሙ። እንፋሎቱ ከተገኘ በኋላ ጣቢያ የሚተክል ባለሀብት አይጠፋም። ዛሬ ከኤሌክትሪካቸው 40 በመቶ ያህሉን የሚያገኙት ከዚሁ እንፋሎት ነው።

እኛ ዘንድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ኃይል ከግድብ ይመጣል፤ ግድብ ደግሞ ዝናብ ይጠብቃል። እንፋሎት ግን ክረምት ከበጋ፣ ሌት ከቀን አይልም። ለሌሎቹ የእንፋሎት ቦታዎች፣ ለቱሉ ሞዬና ለኮርቤቲ፣ ከውጭ ኩባንያዎች ጋር ውል ከተፈረመ ዓመታት አለፉ። ስለ እነዚህ ቦታዎች ዜና ስትሰሙ «ስንት ሜጋ ዋት ሊያመነጭ ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ጉድጓዱ ደረቅ ቢሆን ማን ይከፍላል?» ብላችሁ ጠይቁ።