የፓወርፖይንት ቅርጽ

የፓወርፖይንት ቅርጽ በስላይድ ላይ የሚሳል መስመር፣ ሳጥን፣ ክብ፣ ቀስት ወይም ሌላ ምስል ነው። እንደ ፎቶግራፍ ከቀለም ነጠብጣቦች ሳይሆን ከመስመርና ከልኬት የተሠራ ስለሆነ ቬክተር ይባላል። በዚህም ምክንያት ቢያሳድጉት አይደበዝዝም፤ ከተሳለ በኋላም መልኩን መለወጥ ይቻላል።

አሳሳል

ከ«ኢንሰርት» ትር «ሼፕስ» ይመረጣል፤ ከዚያም የተፈለገው ቅርጽ ተጭኖ ማውሱ በስላይዱ ላይ ይጎተታል። በሚጎተትበት ጊዜ «ሺፍት» ከተያዘ ሞላላው ፍጹም ክብ፣ አራት ማዕዘኑም ካሬ ይሆናል። ቅርጹን መርጠው መጻፍ ሲጀምሩ ጽሑፉ ከውስጡ ይገባል።

ማስተካከል

ቅርጹ ሲመረጥ በዙሪያው የሚታዩት ነጫጭ እጀታዎች መጠኑን ይቀይራሉ፤ ክብ ቀስቱ ያዞረዋል። በአንዳንድ ቅርጾች ላይ ያለው ቢጫ እጀታ ደግሞ ውስጣዊ ልኬቱን ይለውጣል፤ ለምሳሌ የቀስትን ጫፍ ያሰፋል ወይም ያጠባል።

ማያያዝ

ሳጥኖች በመስመር ሲገናኙ የመስመሩ ጫፍ በሳጥኑ ጠርዝ ላይ ከሚታዩት የማያያዣ ነጥቦች በአንዱ ላይ ማረፍ አለበት። ያን ጊዜ ሳጥኑ ሲንቀሳቀስ መስመሩ ይከተለዋል፤ አለዚያ ሳጥኑ ሄዶ መስመሩ ባዶ ቦታ ላይ ይቀራል። ብዙ ቅርጾችን እንደ አንድ ለማንቀሳቀስ ሁሉም ተመርጠው በዊንዶውስ «ኮንትሮል» እና «ጂ» አንድ ላይ ይጫናሉ።