ከንጉሡ አጠገብ የቆመው ማን ነበር?

ባለቤቴና ልጃችን ማታ ማታ ቼዝ ይጫወታሉ። አንድ ቀን ልጁ፣ "እማዬ፣ ንግሥቲቱ ለምን ከንጉሡ ትበረታለች?" አለኝ። ሚስት ነኝና ጥያቄው ነካኝ፤ መልሱን ፍለጋም ሕንድ ድረስ ወሰደኝ።

ጨዋታው በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ በሰሜን ሕንድ "ቻቱራንጋ" ይባል ነበር፤ "ባለ አራት ክፍል" ማለት ነው። ክፍሎቹ የሠራዊት ናቸው፦ እግረኛ፣ ፈረሰኛ፣ ዝሆንና ሠረገላ። እንግሊዞች ጳጳስ የሚሉት ጠጠር ያኔ ዝሆን ነበር፤ ጥግ ላይ ግንብ መስሎ የሚቆመው ደግሞ ሠረገላ።

ከንጉሡ አጠገብስ? ሚስት አልነበረችም፤ አማካሪው ነበር። እርሱም በሰያፍ አንዲት ቤት ብቻ የሚራመድ ደካማ! ፋርሶች ከሕንድ፣ ዐረቦች ከፋርስ ሲቀበሉትም አማካሪነቱ አልተለወጠም። የእኛ "ሰንጠረዥ" የሚለው ቃል የመጣው ከዐረቦቹ "ሸጥረንጅ" ነው፤ እርሱም ከ"ቻቱራንጋ"።

ቦታው ለንግሥት የተሰጠው ከዛሬ 1,000 ዓመት ገደማ በፊት በአውሮፓ ነው። ታዲያ ስሟ ተለወጠ እንጂ እርምጃዋ ያው አንዲት ቤት ነበር። ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ለመመላለስ እስከ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ መጠበቅ ነበረባት።

ይህን ስነግራቸው ልጄ ንግሥቲቱን አንሥቶ አገላብጦ አያት። ባለቤቴ ግን፣ "በዚያ ዘመን ብንጫወት ኖሮ ዛሬ ባልተሸነፍኩ!" ብሎ ሳቀ።