ትንንሾቹን ማን ያስተምር?

ወላጅ ልጁን ኬጂ ሊያስመዘግብ ሲሄድ ስለ ክፍያው፣ ስለ ሰርቪሱና ስለ እንግሊዝኛው አጥብቆ ይጠይቃል። መምህሯ ምን ሠልጥና እንደመጣች የሚጠይቅ ግን ብዙ አይደለም። ልጅ የሚወድና ትዕግሥት ያለው ሰው ሁሉ ለዚህ ሥራ ይበቃል የሚለው እምነት ሥር ሰድዷል።

እምነቱ በፖሊሲም ታይቷል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለመዋዕለ ሕፃናት ዕውቅና ቢሰጥም፣ መንግሥት ጉልበቱን ያዋለው አንደኛ ደረጃ ላይ ነበር። ዘርፉ ለግል ባለሀብቶች፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ስለተተወ፣ ኬጂ በአመዛኙ የከተማና ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ልጅ ዕድል ሆነ። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ፤ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቅጥር ግቢም ኦ ክፍል የሚባለው የ1ኛ ክፍል መሰናዶ ተከፈተ። ቀድሞ ከአሥር ሕፃናት አንዱ እንኳ ቅድመ መደበኛ አይገባም ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሲሶ በላይ ገቡ።

ልጆቹ ሲጎርፉ የሠለጠነ መምህር በዚያው ልክ አልተገኘም። በብዙ ቦታ ለኦ ክፍል የተመደቡት ቀድሞ ታችኛውን የአንደኛ ደረጃ ክፍል ያስተምሩ የነበሩ፣ ወይም 10ኛ ክፍል ጨርሰው አጭር ሥልጠና የወሰዱ ወጣቶች ነበሩ። የሚያውቁት የ1ኛ ክፍልን ትምህርት ነውና እሱኑ ይዘው ወረዱ፤ የአምስት ዓመት ልጅ ተደርድሮ ተቀምጦ ከሰሌዳ መገልበጥ ያዘ።

ፍቅርና ትዕግሥት ብቻ የማይበቁት እዚህ ላይ ነው። የአራት ዓመት ልጅ እርሳስ አልጨበጥ ቢለው የእጁና የጣቶቹ ጡንቻ ገና ስላልጠነከረ ይሆናል። ይህን የምታውቅ መምህርት ጭቃ ታስቦካዋለች፣ ዶቃ ታሰካዋለች፣ ወረቀት ታስቀድደዋለች፤ የማታውቀው ደግሞ እጁን ይዛ ታስጽፈዋለች። ሲጠሩት ዞር የማይል ልጅ ባለጌ ሳይሆን በደንብ የማይሰማ ሊሆን ይችላል። ከክፍሉ ሁሉ በንግግር ወደ ኋላ የቀረውን፣ ቁርስ ሳይበላ የመጣውን፣ ሰሞኑን በድንገት ዝም ያለውን ለይቶ ማየት የሚማሩት ሙያ ነው። ጨዋታን አቅዶ መምራት፣ ተረትን በጥያቄ እያቋረጡ መተረክ፣ ምግብ ያነቀውን ልጅ መርዳት፣ ለወላጅ ሳያስደነግጡ እውነቱን መንገር፣ ይህም ሁሉ ይሠለጠናል። በእኔ እምነት ከየትኛውም የትምህርት እርከን ይልቅ ስለ ልጅ አእምሮና አካል ጥልቅ ዕውቀት የሚጠይቀው ይኸኛው ነው።

ወላጅ ደግሞ በሌላ በኩል ይጫናል። ደብተሩ በጽሑፍ ካልሞላ «ሲጫወት ዋለ» ይላል። የሠለጠነችዋም ብትሆን ሥራዋን እንዳታጣ የቤት ሥራ ትሰጣለች። ርዕሰ መምህሩ ከጎኗ ቆሞ ለወላጅ ካላስረዳላት ብቻዋን አትችለውም።

በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ ፖሊሲ ከ1ኛ ክፍል በፊት የሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ ትምህርት አስቀምጧል። የመምህራን ትምህርት ኮሌጆችም በዘርፉ ያሠለጥናሉ፤ ሥልጠናው ግን ከወረቀት ንድፈ ሐሳብ ወጥቶ ዕጩዋን ረዘም ላለ ጊዜ ከሕፃናት ጋር መሬት ላይ ማስቀመጥ አለበት። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ደመወዝ ነው። የኬጂ መምህርት ዕድገት የምታገኘው ከሕፃናቱ ርቃ ከፍ ወዳለ ክፍል ስትዛወር ከሆነ፣ ኮሌጁ ያሠለጠናት ሁሉ ልምድ ባካበተች ማግስት ክፍሉን ለቅቃ ትሄዳለች።