ኒውትሮፊል፦ ፈጥኖ ደራሹ ነጭ የደም ሕዋስ

ኒውትሮፊል በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ ካሉት ነጭ የደም ሕዋሳት አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ድርሻ ይይዛል። የሚመረተው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ሲሆን፣ የጤነኛ ሰው መቅኔ በቀን 100 ቢሊዮን ያህል ያመርታል። አስኳሉ ከሁለት እስከ አምስት ክፍል ኖሮት በቀጫጭን ክሮች የተያያዘ በመሆኑ በማይክሮስኮፕ በቀላሉ ይለያል።

ቆዳ ተወግቶ ባክቴሪያ ሲገባ በአካባቢው ያሉ ሕዋሳት ኬሚካላዊ ምልክት ይረጫሉ። በደም ሲጓዝ የነበረው ኒውትሮፊል በደም ሥሩ ግድግዳ ላይ እየተንከባለለ ይዘገያል፤ ከዚያም ይጣበቅና በሕዋሳቱ መካከል ሾልኮ ወደ ቁስሉ ይወጣል። ባክቴሪያውን ከዋጠ በኋላ ማይሎፐሮክሲዴዝ በተባለ ኢንዛይም አማካይነት ሃይፖክሎረስ አሲድ ይሠራል። በረኪና ውሃ ውስጥ ሲገባ ጀርም የሚገድለውም ይኸው አሲድ ነው። ኢንዛይሙ በተፈጥሮው አረንጓዴ ነው፤ መግል ወደ አረንጓዴ የሚያደላው በውስጡ የሞቱ ኒውትሮፊሎች ስለሚከማቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ በበርሊን የማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች ሌላ ዘዴ አሳዩ፦ ኒውትሮፊል የራሱን ዲኤንኤ እንደ መረብ ዘርግቶ ባክቴሪያን ይይዛል።

ይህ ሁሉ መሣሪያ ጀርምን ከገዛ አካል አይለይም። በሪህ የሚያብጠው መገጣጠሚያ፣ በከባድ የሳንባ ምች የሚጎዳው ሳንባ ብዙውን ጊዜ የኒውትሮፊል እጅ አለበት። ስለዚህ ከገዳይነቱ ይልቅ የሚቆምበት መንገድ የበለጠ ምርምር ይገባዋል፤ ሥራውን የጨረሰው ኒውትሮፊል እንዴት እንደሚሞት፣ ማክሮፋጅ የተባለው ሕዋስ እንዴት ውጦ እንደሚያጸዳውና ብግነቱ እንዴት እንደሚበርድ።

በዚህ መስክ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የሚፈተኑት በሕዋሱ ዕድሜ ማጠር ነው። ከደም ከወጣ በኋላ ቶሎ ስለሚሞትና በረዶ እስኪሆን ቀዝቅዞ ስለማይተርፍ ለየሙከራው ትኩስ ደም ይቀዳል። ደሙ በከባድ ፈሳሽ ላይ ቀስ ተብሎ ይፈስና በሴንትሪፊዩጅ ይሽከረከራል። ከላይ ቢጫው ፕላዝማ፣ ከሥሩ ስስ ነጭ ሽፋን ይታያል፤ ኒውትሮፊሉ ግን ከቀይ ሕዋሳት ጋር ወደ ታች ይወርዳል። ቀዩን ለማፍረስ ጨው ያነሰው ውሃ ለአጭር ጊዜ ይጨመራል። ቱቦው በኃይል ከተናወጠ ኒውትሮፊሉ ያለ ጠላት ስለሚቆጣ ሙከራው ይበላሻል።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ልዩ ትርጉም ያለው ጉዳይ የኒውትሮፊል ቁጥር ነው። የአፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው ብዙ ሰዎች፣ በእስራኤል ከሚኖሩት ቤተ እስራኤላውያን መካከል ጭምር፣ ቁጥሩ በአውሮፓውያን ልክ ከተሠራው መለኪያ ዝቅ ይላል። ለዚህ ዋናው ምክንያት በቀይ የደም ሕዋስ ላይ ደፊ የተባለውን ፕሮቲን የሚያጠፋ የዘር ለውጥ ነው። እነዚህ ሰዎች መቅኔያቸው ጤነኛ ነው፤ ከሌላው ሰው የበለጠም በኢንፌክሽን አይጠቁም። ስለዚህ ሐኪም ይህን ሳያጣራ፣ ቁጥሩን ብቻ አይቶ የካንሰር መድኃኒት መጠን ሊቀንስ ወይም ሕክምና ሊያቋርጥ አይገባም።